የወንድሜ ጉርድ

እናቴ ጉርዱን ከቁም ሳጥኑ ስታወጣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አይታው ፊቷ በራ። ከአገር ቤት ከመጣች ጀምሮ ፊቷ ሲበራ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የመጣው ከዚያ ብርሃን ነው። መልካም ይሁን ክፉ፣ እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቅም። አንብባችሁ እናንተ ፍረዱ።

ናትናኤል እባላለሁ፤ ቤት ውስጥ ናቲ። ደብረ ብርሃን አስራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ዲቪ ደርሶኝ ወደ አትላንታ መጣሁ። ታላቅ ወንድሜ ብሩክም ከእኔ ዓመታት ቀድሞ በዲቪ ነው የመጣው። አትላንታ ዳር፣ ሊልበርን ውስጥ፣ የእትዬ ጽጌን ምድር ቤት፣ ቤዝመንቱን፣ ተከራይተን አብረን እንኖር ነበር። እኔ ዱሉዝ አንድ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን፣ ውስጥ እጭናለሁ። እሱም መጀመሪያ እዚያው ነበር፤ ኋላ ሹፌር ሆነ። መጻፍ ብዙ አልለመድኩም። ቃል ሲያጥረኝ ታገሱኝ።

ብሩክ በመስከረም መጨረሻ፣ ዝናብ እየጣለ፣ ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ ሃይዌይ ላይ ሞተ። ስለዚያ ጠዋት ከዚህ በላይ አልጽፍም።

እማዬ ቪዛ ተሰጥቷት እስክትደርስ ቀብሩ አልፏል። አስከሬኑን አላየችም። ብሩክ አገር ቤት ተመልሶ ስለማያውቅ በአካል ከተያዩ ዓመታት ሆኗቸዋል። የምታየው በስልክ ነበር፤ በስልክ ደግሞ ፊቱንና ትከሻውን ብቻ ነው የምታየው።

አርባው ሲቃረብ ልብሱን መለየት ጀመረች። እንደምታውቁት የሟች ልብስ ተሰቅሎ አይቀርም፤ ለችግረኛም ለዘመድም ይሰጣል። እያንዳንዱን ሸሚዝ መጀመሪያ ፊቷ ላይ ታደርገዋለች፣ ከዚያ ታጥፈዋለች። ጃኬቶቹ ሲያልቁ ከመስቀያው ጥግ ጉርዱ ወጣ።

ወፍራም ጨርቅ ነው፤ አረንጓዴ፣ ወደ ቡናማ የሚያደላ። ፊቱ ለጥ ያለ፣ ኋላው ሽንሽን። በሁለቱም ጎን ትላልቅ ኪሶች አሉት፤ ወገቡ ላይ በብረት ቁልፍ ይያያዛል። እዚህ ኪልት ይሉታል። ጥንት የስኮትላንድ ወንዶች የሚለብሱት ነው፤ አሁን ለተራራ ጉዞ ተብሎ የሚሠራ አለ። ብሩክ ቅዳሜ ቅዳሜ ሃይኪንግ ሲሄድ ከዚያ ሌላ አይለብስም ነበር። እትዬ ጽጌ በደረጃው ሲወርድ ባየችው ቁጥር፣ "ብሩኬ፣ ሱሪህን ሌባ ወሰደብህ?" ትለዋለች። የሐበሻ ሱቅ ያሉት ልጆች ደግሞ፣ "ከየት ገዛኸው? ለእህቴ ፈልጌ ነበር" ይሉታል። "እህትህ ተራራ አትወጣም" ይላል ብሩክ፣ ሳይቆጣ። ለእማዬ ግን ነግሯት አያውቅም።

"ናቲ፣" አለች። "ይህ ጉርድ የማን ነው?"

"የብሩክ" ልል ነው። አፌም ተከፍቷል። ግን እሷ ቀደመችኝ።

"በቃ፣ ገባኝ። አትንገረኝ። አደራ ብሎህ ይሆናል። እኔ እናቱ ነኝ፣ ሳይነገረኝ ይገባኛል።"

"እማዬ፣ እንደሱ አይደለም..."

"እንዴት አይደለም? የሴት ልብስ ልጄ ክፍል ውስጥ ከየት መጣ? ነፋስ አመጣው?" አልጋው ላይ ዘረጋችው። ወገቡን በስንዝር ለካች። "ደልደል ያለች ናት። ጎሽ። ቀጭን አይደለችም።" ቀጥላ እጇን ኪሱ ውስጥ አስገባች። ስታወጣው መዳፏ ላይ ጥቂት ፍሬ ቆሎ አለ። ገብስ ነው፣ ሱፍ የገባበት። "ቆሎ!" አለች። "ናቲ፣ ሐበሻ ናት!"

እልል ልትል ነበር መሰለኝ፤ አፏን በእጇ ያዘችው።

ያን ቀን ምሳዋን በላች። እስከዚያ ድረስ ሁለት ጉርሻ በልታ ሳህኑን የምትገፋ ሴት ናት። እትዬ ጽጌ አይታ ደነገጠች፤ ወጥ ቤት ጠርታኝ ነገሩን ስትሰማ ደግሞ አማተበች።

"ንገራት እንጂ አንተ ልጅ!"

"እርስዎ ይንገሯት።"

"እኔ? እኔ ምን ቤት ነኝ? ደግሞ ምን ልበላት? 'ልጅሽ ጉርድ ለባሽ ነበር' ልበላት በሐዘኗ ላይ?"

ሁለታችንም ሳሎኑን አየን። እማዬ ጉርዱን ጭኗ ላይ አጥፋ ይዛ ለራሷ ታወራለች።

"በአርባው ከጎኔ ትቀመጣለች" አለች ስታየኝ። "አንድ ወንበር ለብቻ አስቀምጥልኝ። የሆነ ቦታ ጥቁር ለብሳ ብቻዋን እያለቀሰች ነው እኮ። ማን አይዞሽ ይላታል? ደግሞ ማን ያውቃል፣ ናቲዬ..." እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። "ማን ያውቃል። እግዚአብሔር ሁሉንም አይወስድም።"

ይህን ከሰማሁ በኋላ ምላሴ ከበደኝ። እንዴት እንደምለው አላውቅም። ወንድሜን አንዴ ሃይዌይ ላይ አጥቼዋለሁ። እማዬን ደግሞ አንድ ቃል ተናግሬ ማጣት መሰለኝ።

ዓርብ ዕለት ጉርዱን ወደ መስኮት ወሰደችው። ጠርዙ ላይ የደረቀ ቀይ ጭቃ አለ።

"ይህ የመንደር ጭቃ አይደለም። ወዴት ነበር የሚሄዱት?"

"ተራራ ነበር የሚሄደው" አልኩ። "ቅዳሜ ቅዳሜ።"

"ቅዳሜ ነገ ነው።"

"እማዬ..."

"እዚያ ናታ። ሐዘንተኛ የት ይሄዳል? አብረው የሄዱበት ነው የሚሄደው። ጉርዷንም እመልስላታለሁ።"

በማግስቱ ጠዋት ተነሳን። እማዬ ጥቁር ለብሳ፣ ጥቁር ነጠላ አጣፍታ፣ ከታች የኔን ስኒከር አድርጋለች። ጉርዱን በፌስታል ይዛዋለች። አላጠበችውም፤ "የሰው ልብስ ሳላስፈቅድ አላጥብም" አለች። እኔ መኪና ውስጥ እነግራታለሁ ብዬ ወስኛለሁ። መንገዱ ረጅም ነው፤ ፊት ለፊት አንተያይም፤ ይቀለኛል።

ከተማው አልቆ ጥዱ ሲጀምር እሷ ቀደመችኝ።

"ስሟን ብቻ ንገረኝ።"

"ስም የላትም።"

"ስም የሌለው ሰው አለ እንዴ? ... ጴንጤ ናት? ለዚህ ነው የምትደብቀኝ?"

"አይደለችም።"

"ሙስሊም ናት?" መልሴን ሳትጠብቅ ወደ እኔ ዞረች። "ትሁን። ናቲ፣ እኔ አሁን ሃይማኖት የምመርጥ ይመስልሃል? የልጄን እጅ የያዘች ትሁን እንጂ የፈለገችውን ትሁን።"

መሪውን አጥብቄ ያዝኩ። "እማዬ፣ ስሚኝ። ሴት የለችም። ብሩክ ሴት አልነበረውም።"

ተናገርኩት። በመጨረሻ ተናገርኩት። እሷ ግን ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝ።

"እሱም በስልክ እንዲህ ነበር የሚለኝ። 'ሴት የለኝም እማዬ' እያለ። ሁለታችሁም አንድ ናችሁ። በል መንገድህን እይ።"

እንዳለችኝ መንገዴን አየሁ። እውነት ተነግሮም ላይሰማ እንደሚችል ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ጉርዱ የብሩክ ነው ማለት ይቀረኝ ነበር፤ እሱን ግን ማውጣት አልቻልኩም።

እዚያ ስንደርስ ተራራው በጉም ተሸፍኗል። ፓርክ አደረግኩ። የዴል አሮጌ ፒካፕ ቆሟል። ዴል ዌርሃውስ ከብሩክ ጋር ይሠራ የነበረ ሽማግሌ ነው፤ አሁን ጡረታ ወጥቷል። ብሩክን ተራራ ያስለመደው እሱ ነው፤ ኪልቱንም ያስለመደው እሱ ነው። ቀብሩ ላይ በሙሉ ልብስ መጥቶ ጥግ ቆሞ ነበር፤ እማዬ ግን ያኔ አልነበረችም። ፒካፑን ሳይ የሚሆነውን አወቅኩት። እንመለስ ማለት እችል ነበር። አላልኩም። አፌ ያቃተውን ዓይኗ ይጨርሰው ብዬ ይሆናል።

ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ጉም አይፈራም። እማዬ ከፊቴ ፈጠን ፈጠን እያለች ሄደች። ቅጠሉ ረግፎ መንገዱን ሸፍኖታል፤ ኮቴያችን አይሰማም። ትንሽ እንደሄድን አንድ ወንዝ አለ፤ የእንጨት ድልድይ ተሠርቶለታል። ድልድዩን ተሻግራ ግንድ ላይ አረፍ አለች፤ ፌስታሉ ጭኗ ላይ ነው።

ከላይ ድምፅ መጣ። ሰዎች እየወረዱ ነው። የጥዱ ቅርንጫፍ ዝቅ ብሎ ስለነበር ከወገባቸው በላይ አይታዩም። ከቅርንጫፉ በታች የሚታየው ጉርድ ብቻ ነው። ጥቁር ጉርድ፣ ግራጫ ጉርድ፣ ሽንሽኑ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ።

እማዬ ተነሳች። "መጡ!" ነጠላዋን አስተካከለች። ጉርዱን ከፌስታሉ አውጥታ በሁለት እጇ ያዘችው፣ ስጦታ እንደሚሰጥ ሰው። "ናቲ፣ የትኛዋ ናት?"

መልስ ሳልሰጣት ከቅርንጫፉ ስር ወጡ። ሦስት ወንዶች። ዴል ከፊት ነው፣ ነጭ ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ፣ ጉልበቱ ከብርድ የቀላ፣ ምርኩዝ የያዘ።

እማዬ አየቻቸው። ከኋላቸው ሌላ ሰው ይመጣ እንደሆነ አየች። ማንም አልመጣም።

"ወንዶች ናቸው" አለች ቀስ ብላ።

"አዎ፣ እማዬ።"

"ጉርድ ለብሰው?"

"አዎ።"

ዴል እኔን አይቶ ፈገግ ሊል ነበር። ከዚያ በእማዬ እጅ ላይ ያለውን አየ። ኮፍያውን አወለቀ። ሌሎቹ ሁለቱ ነገሩ ገብቷቸው ይሁን እንጃ፣ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው አለፉንና ወደ መኪናው ወረዱ። ዴል ግን ቆመ፤ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ተናገረ፤ ድምፁ ተሰበረ።

"ምን አሉ?" አለች እማዬ።

ዝም አልኩ።

"ተርጉም እንጂ! ምን አሉ ሽማግሌው?"

ለራሴ መናገር ያቃተኝን የሌላ ሰው ቃል አድርጌ ተናገርኩት። "'ይህ የብሩክ ነው' አለ። 'የት ገብቶ ይሆን እያልኩ ሳስብ ነበር' አለ።"

እማዬ ጉርዱን አየች፣ የዴልን ጉርድ አየች፣ እንደገና የያዘችውን አየች። ወገቡን ያዝ አድርጋ በስንዝር ለካችው፤ ያን ቀን አልጋው ላይ እንዳደረገችው። ያን ቀን የምራቷ ወገብ ነበር። አሁን የልጇ ወገብ ነው።

"የሱ ነው?" አለችኝ።

"የሱ ነው።"

"ልጅቷስ?"

"የለችም፣ እማዬ።"

ግንዱ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ፤ አላለቀሰችም። ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን ሲጠፋ አየሁት። መብራት ሲጠፋ እንደምታዩት በአንዴ አይደለም። ቀስ ብሎ፣ ከዓይኗ ጀምሮ ነው የወረደው። እጇ ሳይታዘዝ ኪሱ ውስጥ ገባና መልሳ ያስቀመጠችውን ቆሎ አወጣ።

ዴል ቆሎውን ሲያይ ሳቀ፤ እየሳቀ አንድ ነገር ተናገረና ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

"ምን አሉ?"

"ብሩክ ሁልጊዜ ተራራው ጫፍ ላይ ሲደርሱ ይሰጠው ነበር። 'እናቴ የላከችልኝ ነው፣ ከጫፍ በታች አይበላም' ይለው ነበር። ዴል ቶሎ እንዲወጣ ነው እንደዚያ የሚለው።"

"የኔ ቆሎ ነዋ" አለች። "በሰው የላክሁት።" ተነሳችና ለዴል ዘረጋችለት። እሱ ምርኩዙን ብብቱ ስር አድርጎ በሁለት እጁ፣ ጎንበስ ብሎ ተቀበለ። በሁለት እጅ መቀበልን ማን እንዳስተማረው መጠየቅ አያስፈልግም። እማዬ ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው።

"ጉልበታቸው አይበርዳቸውም?" አለች ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ።

ጠየቅኩት። ዴል ሱሪ ሲረጥብ እንደሚብስ ነገራት፤ ኪልት ግን ዝናብ ቢመታውም እግር አይይዝም፣ ወንዝ ስትሻገር ከፍ ማድረግ ብቻ ነው። መጀመሪያ ብሩክ ዌርሃውስ ውስጥ ኪልቱን አይቶ እንደሳቀበት፣ ከዚያ ዝናብ ባለበት ቀን በጂንስ ወጥቶ ጭኑ ተልጦ እንደ ዳክዬ እየተራመደ እንደወረደ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ያለምንም ንግግር ይህን ለብሶ እንደመጣ ነገራት። የዳክዬውን አረማመድ በምርኩዙ አሳያት። እማዬ ከንፈሯ ሳቀ፤ ዓይኗ አልሳቀም።

"እንዴት ነበር የሚሄደው?" አለች። "አረማመዱን ነው የምጠይቀው። ስንት ዘመን ከደረቱ በታች አላየሁትም። በስልክ ፊቱን እያሳየኝ... ለካ ይህን ደብቆኝ ነው።"

ዴል አሰበ። "ከፊት ነበር የሚሄደው" አለ። "እኔ የማውቀው ጀርባውን ነው።"

ይህንንም ተረጎምኩ። እማዬ ሽንሽኑን በእጇ አስተካከለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ጉርዱን ዘረጋችልኝ።

"ልበሰው።"

"እማዬ፣ ምን ማለትሽ ነው?"

"ልበሰው አልኩህ። ቁመታችሁ አንድ ነው።"

"ሰው ያየናል።"

"ማን ነው የሚያየን? ጉም ነው የሚያየን።" ድምፏ ዝቅ ያለ ነው፣ ግን እሺ ከማለት በቀር መንገድ የማይሰጥ። "አልቀበርኩትም እኮ፣ ናቲ። ለሁላችሁም ሞቷል፤ ለእኔ ስልክ ነው የተዘጋው።"

ከድንጋይ ኋላ ሄጄ ሱሪዬን አወለቅኩ። ለብሼው አላውቅም። ከበደኝ፤ ጨርቁ በእርግጥም ይከብዳል። ብሩክ ከእኔ ይወፍራል፤ መጨረሻ ቁልፍ ላይ ነው የያዘልኝ። ብርዱ እስከ ጭኔ ወጣ። ስመለስ ዴል አንዴ አየኝና ዓይኑን ወደ ወንዙ መለሰ። ከዚያ ቀረብ ብሎ በተሳሳተ በኩል የደረብኩትን ፈትቶ በትክክለኛው በኩል ደረበልኝ፣ አባት ለልጁ እንደሚያደርገው።

እማዬ ፊቴን አላየችም። ወደ መሬት እያየች ነው የተናገረችው።

"ቅደም። ወደ ላይ ሂድ። እኔ ሳልጠራህ እንዳትዞር።"

ሄድኩ። ዴል ድልድዩ ጋ ኮፍያውን ይዞ ቀረ።

ያን መንገድ እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ጉሙ ከፊቴ ይከፈትና ከኋላዬ ይዘጋል። መጀመሪያ የሚሰማኝ ጉርዱ ነው፤ ሽንሽኑ ጉልበቴን ከኋላ ይመታል፣ ይመለሳል፣ ይመታል። ሱሪ እግርን ዝም ያሰኛል። ይህ ግን እያንዳንዱን እርምጃ ይናገራል። ትንሽ ቆይቶ እርምጃዬ እየረዘመ መጣ። እኔ አላረዘምኩትም። ጨርቁ ነው የሚስበኝ መሰለኝ። እኔ ሰፋ አድርጌ የምራመድ ሰው አይደለሁም፤ ብሩክ ነበር።

ከኋላ የእማዬ ድምፅ ተሰማኝ። መጀመሪያ ጸሎት መሰለኝ። አይደለም። ታወራለች።

"ቀስ በል። መቼም ቀስ ብለህ አታውቅም። ... እህ። ... ከኋላ አባትህን መሰልክ። ... ለምን አልነገርከኝም? እስቅብህ ነበር እንጂ እቆጣህ ነበር? ... እሺ። ... እሺ ብዬሃለሁ። ... ቀብርህ ላይ አልደረስኩም፣ ልጄ። ወረቀት ነው የያዘኝ። አልቀረሁም፣ ወረቀት ነው የያዘኝ።"

"እህ" እና "እሺ" ስትል ነው ያስፈራኝ። ሰው ለብቻው ሲያወራ እህ አይልም። መልስ እንደሚሰማ ሰው ጠብቃ ነው የምትለው። እኔ አፌን አልከፈትኩም፤ በእግዚአብሔር ስም እላችኋለሁ፣ ትንፋሼን እንኳ ይዤ ነው የምሄደው።

ከዚያ ጮክ ብላ ጠራች።

"ብሩኬ!"

እግሬ ሊቆም ነው። ሳልጠራህ እንዳትዞር ብላኛለች። አሁን ጠራች። ግን የጠራችው እኔን አይደለም።

"ብሩኬ!"

አንገቴ ሊዞር ሲል ይሰማኛል። ብዞር የምታየው የኔን ፊት ነው። ሁለተኛ ታጣዋለች፣ በገዛ ዓይኗ ፊት። ጥርሴን ነክሼ ቀጠልኩ። ደግሞ ወድቃ እንደሆነስ? ኮቴዋ አይሰማም፤ ቅጠሉ ዋጠው። ድምፅም ጠፋ። ቆምኩ። ሳልዞር ቆምኩ። የሚሰማኝ ከጥዱ ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ ብቻ ነው።

ያን ጊዜ ሽንሽኑን ከኋላዬ የሆነ ነገር ነካው። ነፋስ ሊሆን ይችላል። ነፋስ ነው ብላችሁ ብታነቡት አልከራከራችሁም። ግን ጉሙ አልተንቀሳቀሰም ነበር። ትከሻዬ አጠገብ የሆነ ነገር ያለፈ ያህል አንድ ጎኔ ቀዘቀዘኝ፣ ከዚያ ሞቀኝ።

"ናቲ።"

ስሜ ነው። ቀስ ብላ ነው የጠራችኝ፤ ድምፁ ግን ከሩቅ ነው የመጣው። ዞርኩ። እማዬ ከታች፣ መንገዱ ከሚታጠፍበት ቆማለች፤ እጇ ሊደርስብኝ ከማይችልበት ቦታ። ነጠላዋን አውልቃ በእጇ ይዛዋለች። ሮጬ ወረድኩ።

"አመመሽ?"

"አላመመኝም" አለች። ከእኔ አሳልፋ ወደ ላይ ነው የምታየው። "በቃ፣ ሄደ።"

"ማን? ወዴት?"

"ወደ ላይ። አልፎህ ነው የሄደው፣ አላየኸውም?"

አላየሁትም። ዞሬ ተመለከትኩ፤ መንገዱና ጉሙ ብቻ ናቸው። እማዬ ነጠላዋን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝ። "በርዶሃል" አለች፤ ከሄድኩ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን እያየች። "እግርህ እንደሱ አይደለም፤ ቀጭን ነው" አለች። ከዚያ ክንዴን ይዛ ወረደች። ወደ ሊልበርን ስንመለስ መኪና ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳት። አፏን ከፍታ፣ እንደ ሕፃን ነው የተኛችው።

አርባው ዕለት ከጸሎቱ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ የብሩክ ፎቶ ያለበት ጠረጴዛ ላይ ጉርዱን አጥፋ አስቀመጠችው። እትዬ ጽጌ ልታነሳው እጇን ብትዘረጋ በዓይኗ መለሰቻት። አንዲት ሴት መጥታ፣ "ይህ ጉርድ የማን ነው፣ እናቴ?" አለቻት።

"የልጄ ነው። ተራራ ይወጣበት ነበር።"

ሴትዮዋ ፎቶውን አየች፣ ጉርዱን አየች፣ "ነፍስ ይማር" ብላ አለፈች።

ለምራቷ ብላ ያስቀመጠችው ወንበር ከጎኗ ባዶ ነበር። እንዲነሳ አልፈቀደችም። ምሳ ሊቀርብ ሲል ዴል በሩ ላይ ታየ። ኮት አድርጓል፣ ክራባት አስሯል፣ ከታች ኪልቱን ለብሷል፤ ታጥቦ የተተኮሰ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ከኋላ አንድ ልጅ ሊስቅ ሲል በክርን ሲመታ ሰማሁ። እማዬ ግን ለሽማግሌ እንደሚነሳ ተነስታ እጁን ይዛ ወሰደችውና ያ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ሰው ሁሉ ሊያጽናናት ሲመጣ እሱንም እግዚአብሔር ያጽናህ እያለ አለፈ።

ሌላው ልብስ ሁሉ ተሰጠ። ጉርዱን ለእኔ ሰጠችኝ።

ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ ብትሉኝ፣ ብዙ የለም። አሁንም ዱሉዝ ነው የምሠራው። እማዬ ወደ አገሯ ተመልሳለች። ቅዳሜ ተራራ መውጣት ጀምሬያለሁ፤ ዴል ከኋላዬ ይመጣል። የሐበሻ ሱቁ ልጆች ለእህታቸው ጉርድ ይፈልጋሉ፤ የሚመለስላቸውን መልስ ታውቁታላችሁ። ወንድሜ ምን ይሰማው እንደነበር አሁን በጥቂቱ አውቃለሁ፤ ማወቅ የፈለግኩት እሱ በሕይወት እያለ ነበር፣ ግን እንደዚያ አልሆነም። እናታችሁ በሩቅ ያለች ሁሉ፣ በስልክ ስታወሯት ፊታችሁን ብቻ አታሳይዋት። ይህን መምከር አይበዛብኝም።

የእኔ እናት አሁን ፊቴን ካየች በኋላ፣ "ስልኩን ዝቅ አድርገው፣ እግርህን አሳየኝ" ትለኛለች። ቅዳሜ ከሆነ፣ ኔትወርኩ ከመጥፋቱ በፊት፣ ድልድዩ ጋ ያለው ግንድ ላይ ስልኩን ደገፍ አደርገዋለሁ። "በል ሂድ" ትላለች። ጀርባዬን ሰጥቼ ወደ ላይ እሄዳለሁ። ሽንሽኑ ጉልበቴን ይመታል። ከኋላዬ፣ ከዚያች ትንሽ ስልክ ውስጥ፣ ድምፏ ይመጣል።

አንዳንድ ቅዳሜ "ናቲ" ትላለች፤ እዞርና እጄን አወዛውዝላታለሁ።

አንዳንድ ቅዳሜ ደግሞ የምትጠራው እኔን አይደለም። ያን ጊዜ አልዞርም። ወደ መንገዱ ጠርዝ ትንሽ ጠጋ ብዬ፣ በአንድ ጎኔ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ትቼ፣ መሄዴን እቀጥላለሁ።